የማየት ዕዳ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይላል ያገራችን ሰው፣ መከራ በመከራ ላይ ሲደረብ ባየ ጊዜ። ይህን ምሳሌ የፈጠረው ሕዝብ እንቅርትን ያወቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጎረቤቱ አንገት ላይ እንደ ሆነ ቃሉ ራሱ ይመሰክራል። ከጉና ተራራ ተነሥቶ በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በእስቴና በስማዳ አድርጎ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርደው አገር፣ በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ለተቀመጠ ሰው አንገታቸው ያበጠ እናቶችን ማየት እንግዳ ነገር ሆኖ አያውቅም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። የክረምቱ ዝናብ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ የደጋውን አፈር እያጠበ፣ አዮዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ከአፈሩ ጋር ጠርጎ ወስዶታል። አፈሩ ያጣውን እህሉ ያጣል፤ እህሉ ያጣውንም ሰው ያጣል። በጉሮሮ ፊት ለፊት የተቀመጠችው፣ በጤናማ ሰው ላይ ከ20 ግራም ብዙ የማትበልጠው ትንሽ ዕጢ፣ የጎደላትን አዮዲን ለማሟላት ስትታገል ታብጣለች። ይህ የጋይንት ብቻ ዕጣ አይደለም፤ ቀደም ሲል በአገራችን 10 ክልሎች ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት በሆናቸው ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል።

ይሁን እንጂ እብጠቱ ለሁሉ የሚታይ ቢሆንም፣ በውስጡ ያለው ነገር ለዓይን ስውር ነው። ከእንዲህ ያሉት እብጠቶች አብዛኞቹ ሕይወትን የማይነኩ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ግን ነቀርሳን ይሸሽጋሉ። መድኃኒት አዋቂው ሥር ምሶ፣ ነቃሿም ለጌጥም ለፈውስም ይሆናል ብላ አንገት ነቅሳ ያልደረሱበትን ይህን ስውር ነገር፣ የዘመናችን ሐኪም በአልትራሳውንድ መሣሪያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይቃኘዋል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የመሣሪያውን ድንቅነት ብቻ አይደለም። ጥያቄያችን ይህ ነው፤ የሌላውን ሰው ውስጥ ለማየት የቻለ ሰው፣ በማየቱ ምን ዕዳ ይገባበታል?

የሰው ልጅ ሥጋን ሳይቀድ ውስጥን ማየት የጀመረበት ዘመን፣ በእኛ ታሪክ ዘንድ የተለየ ትዝታ ካለው ዓመት ጋር የገጠመ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ቪልሄልም ራንትገን ራጅ እያልን የምንጠራውን ጨረር ያገኘው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ሲሆን፣ ይህም በእኛ አቆጣጠር የአድዋ ዓመት በሆነው በ1888 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከዘመቻው ቆስለው ወደ አገራቸው የተመለሱ ሁለት የኢጣልያ ወታደሮች፣ በክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት ያለበትን ስፍራ የናፖሊ የጦር ሐኪም በዚህ ጨረር ፈልጎ አገኘው። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገራል። እንግዲህ አዲሱ ዓይን ገና በተከፈተ በወራት ውስጥ፣ ከአገራችን ተራሮች የተተኮሰውን ጥይት አየ ማለት ነው። ራንትገን ግን ግኝቱን በስሙ አስመዝግቦ ገንዘብ ሊያተርፍበት አልፈለገም፤ ለሰው ልጅ ሁሉ ተወው። ስለዚህ ማየት መቻል የግል ሀብት ሳይሆን የአደራ ገንዘብ ነው የሚለው አሳብ፣ ከግኝቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ልንል እንችላለን።

ከዚያም ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላ፣ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም.፣ የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በድምፅ የሚገኝ የሰውነት ሥዕል ለሕክምናው ዓለም አቀረበ። አሠራሩን ለመረዳት ለጋይንት እረኛ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም። እረኛው ከገደል አፋፍ ቆሞ ሲጣራ ድምፁ ከማዶው ተመትቶ ይመለስለታል፤ ፈጥኖ ከተመለሰ ገደሉ ቅርብ፣ ከዘገየም ሩቅ መሆኑን ያውቃል። አልትራሳውንድም እንዲሁ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ቀጭን ድምፅ ወደ ሥጋ ይልካል፤ ተመትቶ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶም ሰብስቦ በመስተዋት ላይ ሥዕል አድርጎ ያወጣዋል። ፈሳሹ ጥቁር፣ ጥቅጥቁ ነጣ ያለ፣ ጠጠሩም ደማቅ ሆኖ ይታያል። ደም በሥሩ ውስጥ ሲሮጥም ድምፁን ለውጦ ስለሚመልሰው፣ የደሙን አካሄድና ፍጥነት ሳይቀር ለመለካት ይቻላል።

በአንገት ዕጢ ላይ ሐኪሙ የሚፈልጋቸው ምልክቶች ተለይተው የታወቁ ናቸው። ጉብታው ከዙሪያው ይልቅ የጠቆረ እንደ ሆነ፣ ጠርዙ የተቆራረጠ እንደ ሆነ፣ ከወርዱ ይልቅ ወደ ውስጥ የቆመ እንደ ሆነ፣ በውስጡም እንደ አሸዋ የደቀቁ ነጠብጣቦች እንደ ታዩበት፣ ጥርጣሬው ይበረታል። በጎን ያሉት ንፍፊቶች ቅርጻቸው ተለውጦ እንደ ሆነም ይመረመራሉ። ነገር ግን ሥዕሉ ይጠረጥራል እንጂ አይፈርድም። ፍርዱ የሚሰጠው በቀጭን መርፌ ተቀድቶ በማይክሮስኮፕ ከሚታየው ናሙና ነው። ከዚህም አልፎ፣ አዮዲን ባነሰበት አገር ድርሻው ከፍ የሚለው ፎሊኩላር የተባለው የነቀርሳ ዓይነት፣ ሽፋኑን ጥሶ መውጣት አለመውጣቱ ካልታየ በቀር ከማይጎዳው እብጠት አይለይምና፣ መርፌው እንኳ ሳይፈርድ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እንግዲህ የመጀመሪያው የማየት ዕዳ ትሕትና ነው። የሚያይ ሰው ያየውን ብቻ መናገር፣ ካየው አልፎ አለመፍረድ ይገባዋል።

ማየት ሁልጊዜ በጎ ነው ብሎ የሚያምን ሰው የኮርያን ነገር ያስታውስ። የቃኘው ሻለቃ ወንድሞቻችን ደማቸውን ያፈሰሱላት ደቡብ ኮርያ፣ ከድህነት ወጥታ በሀብት ከበለጸገች በኋላ፣ ከ1990ዎቹ የአውሮጳ ዓመታት ማብቂያ ጀምሮ ለሕዝቧ የነቀርሳ ምርመራን አስፋፋች። ከዚሁ ጋር ብዙ ጤነኞች ጥቂት ገንዘብ ጨምረው አንገታቸውን በአልትራሳውንድ መታየት ጀመሩ። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የአንገት ዕጢ ነቀርሳ አለባቸው የተባሉት ሰዎች መጠን በ1993 ከነበረው 15 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በዚህ በሽታ የሚሞተው ሰው መጠን ግን አልተለወጠም። ነቀርሳው ድንገት የበዛ ሳይሆን፣ ቀድሞም የነበረውና ባለቤቱን ሳይነካ አብሮት ይኖር የነበረው ጥቃቅን ጉብታ መታየት ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ ቀደም በ1985 ዓ.ም. በፊንላንድ የ101 ሟቾች ዕጢ በጥንቃቄ ተከታትፎ በተመረመረ ጊዜ፣ በ36ቱ ውስጥ በሕይወታቸው ሳሉ ማንም ያላወቀው እንዲህ ያለ ጥቃቅን ነቀርሳ ተገኝቶ ነበር። በኮርያ ከታዩት ሰዎች አብዛኞቹ ዕጢያቸው በቀዶ ጥገና ወጣ። ከእነዚህም ከመቶው 11 ያህሉ በአንገት ያሉት ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ዕጢዎቻቸው ሥራ ሲያቆሙባቸው፣ ከመቶው 2 ያህሉ የድምፃቸው አውታር ሰለለ። በ2014 ዓ.ም. ሐኪሞቹ ራሳቸው ተነሥተው ጤነኛ ሰውን ያለምክንያት መመርመር ይቁም እስኪሉ ድረስ ነገሩ ቀጠለ።

ከዚህ የምንረዳው፣ ዓይን ስለ ተከፈተ ብቻ የሚታየው ሁሉ መታየት የሚገባው እንዳልሆነ ነው። የሰውን ገመና የሚያይ ጎረቤት ለማየቱ ምክንያት ሊኖረው እንደሚገባ ሁሉ፣ የሰውን ሥጋ የሚያይ መሣሪያም የታየውን ሰው የሚጠቅም ምክንያት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛው የማየት ዕዳ እንግዲህ ይህ ነው፤ ለታየው ሰው ጥቅም ካልሆነ በቀር አለማየት።

እዚህ ላይ አንድ ተቃዋሚ ተነሥቶ እንዲህ ሊለን ይችላል፤ «ማየት ጉዳት ካለው፣ መሣሪያው ያልደረሰበት የስማዳ ገበሬ የታደለ ነው ማለት ነው። እንቅርቱን ይዞ በሰላም ይኑር፤ ለምን ታስጨንቁታላችሁ?» ይህ አነጋገር ለሰሚ የሚጥም፣ ለሕሊና ግን መርዝ ነው። በኮርያ የተበደለው ምንም ሳይሰማው የተመረመረው ጤነኛ ነው። በስማዳ የሚበደለው ግን ምልክቱ ጮኾ እየተናገረ የሚያየው ያጣው በሽተኛ ነው። ለሃያ ዓመት ያልተለወጠው እንቅርቷ በጥቂት ወራት ውስጥ የጠነከረባት፣ ድምፅዋ የጎረነነ፣ ምግብ መዋጥ ያቃታት እናት፣ የምትፈልገው ሰላም ሳይሆን ዓይን ነው። ፎሊኩላር የተባለው ነቀርሳ በደም ተጉዞ ወደ ሳንባና ወደ አጥንት ስለሚሻገር፣ አንዳንዱ በሽተኛ ስለ አንገቱ ሳይሆን ስለ ተሰበረ አጥንቱ ወደ ሐኪም ይመጣል። ያን ጊዜ ማየት ዘግይቷል።

ይህች እናት ከቆላው ወጥታ ደብረ ታቦር ለመድረስ ተራራ ትወጣለች፤ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር፣ ነቀርሳው ከበረታም ወደ አዲስ አበባ ትላካለች። በየደረጃው አዳር አለ፤ በየደረጃው የሚሸጥ በግ ወይም የሚሸጥ በሬ አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ወደ ንፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ ደግሞ የሕክምና ድርጅቶቹ ስለ ተዘረፉ፣ በብዙ ድካም የተከፈተው ዓይን እንደገና ተጨፈነ። ስለዚህ የከተማው ሰው ያለምክንያት ሲታይ የገጠሩ ሰው በምክንያት አለመታየቱ፣ ሁለት የተለያዩ በደሎች ሳይሆኑ የአንድ በደል ሁለት ፊት ናቸው። በሁለቱም ዘንድ መሣሪያውን የሚመራው የበሽተኛው ችግር መሆኑ ቀርቶ፣ ገንዘብና ቅርበት ሆኗል።

እንግዲህ ያቺ እናት መጣች፣ ታየችም እንበል። ሐኪሙ የጠረጠረው በመርፌው ተረጋገጠ። ከውጭ የሚጠብቀው ልጅዋ ሐኪሙን ወደ ጥግ ስቦ «ጌታዬ፣ እባክዎን ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ፤ ከሰማች ያን ዕለት ትሞትብኛለች» ይለዋል። ይህን የሚለው ከክፋት አይደለም። ልጁ የተማረው ከአገሩ ልማድ ነው። እኛ መርዶን በመንገድ ላይ አንናገርም፤ ሞቱን የሰሙ ሰዎች ከባለ ኀዘኑ ይሸሽጉታል፣ እየሳቁ እንኳ አብረውት ሊያመሹ ይችላሉ። ታዲያ ሐኪሙ ልጁን መስማት አለበትን?

ብዙዎች ይህን ጥያቄ የአውሮጳ ሥርዓትና የአገራችን ልማድ የሚጋጩበት አድርገው ያዩታል። እኛ ግን ልማዳችን በደንብ ከታየ የሚለው ሌላ ነው ብለን እናምናለን። መርዶ የሚሸሸገው ለአንድ ሌሊት ነው እንጂ ለዘላለም አይደለም። የሚሸሸገውም ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ የንስሐ አባትና ሽማግሌ እስኪጠሩ፣ የሚደግፍ ክንድ በቀኝና በግራ እስኪቆም ድረስ ነው። ከዚያ ጎሕ ሲቀድ በሩ ይንኳኳና እውነቱ ሳይሸራረፍ ይነገራል። መርዶን ጨርሶ የደበቀ ዘመድ ቢኖር ባለ ኀዘኑ ዕድሜውን ሁሉ ይወቅሰዋል፤ «እርሜን እንዳላወጣ አደረጋችሁኝ» ይላል። እንግዲያስ ልማዳችን የሚያስተምረው እውነትን መቅበር ሳይሆን እውነትን ማሰናዳት ነው። ሐኪሙ ለልጁ «አንድ ቀን ስጠኝ፤ አንተም እኅቶችህን ጥራ፣ የምታምነውን ሰው አስመጣ፣ ከዚያ አብረን እንነግራታለን» ቢለው፣ ልማዱንም እውነቱንም አከበረ ማለት ነው። እናቲቱም ልጆችዋን ለመምከር፣ መሬትዋን ለማናዘዝ፣ መታከምን ለመምረጥ ወይም ለመተው ጊዜ ታገኛለች። ይህ ሁሉ የእርስዋ እንጂ የልጅዋ አይደለም፤ የታየው የእርስዋ አንገት ነውና። ሦስተኛው የማየት ዕዳ፣ ያዩትን ለባለቤቱ ማስረከብ ነው።

ይህን አሳብ ይበልጥ የሚፈትነው ግን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ነው፤ በዚያ የሚታየው ሰው አንድ ሳይሆን ሁለት ነውና። በዓለም የመጀመሪያው የተሳካ ንቅለ ተከላ የተደረገው እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ፣ በሁለት መንታ ወንድማማቾች መካከል ነው። በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሞች ከአሜሪካው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ሥራውን ጀመሩ። የሚሰጠው ወንድም ወይም እኅት አስቀድሞ ይመረመራል፤ ሁለት ኩላሊት እንዳለው፣ ጠጠር እንደሌለበት፣ ወደ ኩላሊቱ የሚገቡት የደም ሥሮች ስንት እንደ ሆኑ በሲቲ ስካን ይታያል።

አሁን አንድ ወጣት ወንድሙን ለማዳን ዘመድ ሁሉ ገፍቶ ያመጣው እንደ ሆነ እናስብ። በዘመድ ፊት «እሰጣለሁ» ብሏል፤ በሐኪሙ ክፍል ብቻውን ሲቀር ግን «ፈርቻለሁ፤ ኩላሊቴ አይሆንም ብለው ይንገሩልኝ» ይላል። ሥዕሉ ደግሞ ኩላሊቱ ጤነኛ መሆኑን ያሳያል። ሐኪሙ ሥዕሉ ያላለውን ቢናገር፣ ዛሬ ለአንድ ፈሪ ያዘነለት ይመስላል፤ ነገር ግን ነገ ሥዕሉን የሚያምነው ማን ነው? ያም ሆኖ በግድ የተወሰደ ስጦታ ስጦታ አይባልም። እኛ የምንደግፈው መንገድ ይህ ነው፤ ሐኪሙ ለዘመዶቹ «ይህ ሰው ለመስጠት አይሆንም» ብቻ ይበል፤ ምክንያቱን ይሸሽግ፤ በሥዕሉ ግን አይዋሽ። ለመስጠት የሚያበቃው ሥጋው ብቻ ሳይሆን ፈቃዱም ነውና፣ ቃሉ እውነት ነው። የተገኘውን ለባለቤቱ ማስረከብ ማለት፣ ለባለቤቱ ብቻ ማስረከብ ማለት ደግሞ ነው።

ኩላሊቱ ከተተከለ በኋላም የማየት ሥራ አያልቅም። አዲሱ ኩላሊት የሚቀመጠው በአሮጌዎቹ ስፍራ ሳይሆን ከሆድ በታች በጎን በኩል፣ ወደ እግር ከሚወርደው ትልቅ የደም ሥር ጋር ተጋጥሞ ነው። ለቆዳ ቅርብ ስለ ሆነ አልትራሳውንድ በግልጽ ያየዋል። ደሙ ይገባል ወይስ ሥሩ ተዘግቷል፤ ሽንቱ ይወርዳል ወይስ ታግዶ ኩላሊቱን አሳብጦታል፤ በዙሪያው የተጠራቀመ ፈሳሽ አለ ወይስ የለም፤ ይህ ሁሉ በሰዓቱ ከታየ ይቃናል። ተዘግቶ ያደረ የደም ሥር ግን ኩላሊቱን ይገድለዋል። እዚህም ሥዕሉ ሁሉን አይናገርም፤ ሰውነቱ የወንድሙን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየተዋጋው እንደ ሆነ በእርግጥ የሚታወቀው፣ እንደ አንገቱ ሁሉ፣ በመርፌ ተቀድቶ ከሚመረመረው ናሙና ነው።

እንግዲህ ይህን ሰው ወደ እስቴ ሲመለስ አስቡት። መድኃኒቱን ዕድሜውን ሁሉ መዋጥ፣ በየጊዜውም መታየት አለበት። ሽንቱ ሲቀንስበትና እግሩ ሲያብጥበት መካነ ኢየሱስ ላይ ሆኖ ለጉዞ ገንዘብ እስኪያገኝ ሳምንት ቢዘገይ፣ የሚጠፋው የእርሱ ኩላሊት ብቻ አይደለም፤ የወንድሙ ስጦታ ነው። የሰጠው ወንድም በአንድ ኩላሊት አርሶ፣ በአንድ ኩላሊት አጭዶ እየኖረ፣ የሰጠው ነገር በመንገድ ርቀት ምክንያት ሲበሰብስ ማየት የለበትም። ስጦታውን የተቀበለው በሽተኛው ብቻ ሳይሆን፣ ቀዶ ጥገናውን የፈቀደው ኅብረተሰብ ሁሉ ነው። አንድ ጊዜ ያየ፣ ደግሞ ለማየት ቃል ገብቷል። አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የማየት ዕዳ ይህ ነው።

ስለዚህ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ላላችሁ አንባቢዎቻችን የምንለው፣ መሣሪያ መግዛት የሥራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜ አይደለም። መሣሪያውን የሚያነብ ሐኪም፣ ናሙናውን የሚመረምር ባለሙያ፣ የታየውን በሽተኛ ደግሞ የሚያይበት ቀነ ቀጠሮ ካልተዘጋጀ፣ የተገዛው ዓይን ሳይሆን መስተዋት ነው። ለመምህራን የምንለው ደግሞ ከዚህ ያነሰ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ፣ ለሰው ምግብ የሚቀርብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዝዟል። ደንቡ ግን እስከ ማጀት የሚደርሰው በተማሪው አፍ ነው። አዮዲን ያለው ጨው በተከደነ ዕቃ እንዲቀመጥ፣ ፀሐይና እርጥበት እንዳያገኘው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል እንጂ ገና ሲጣድ እንዳይጨመር ለእናቱ የሚነግር አንድ የጋይንት ተማሪ፣ ብዙ መሣሪያዎች የማያደርጉትን ያደርጋል። መሣሪያው ያበጠውን አንገት ያያል፤ ይህ ልጅ ግን ገና ያልተወለደችውን እኅቱን አንገት አይቷል።

ማየት የሚያስጠይቅ ነገር እንደ ሆነ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። በአደባባይ ምስክር የሚሆን ሰው ያየውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ሊናገር ይምል ነበር፤ አይቶ ዝም ያለም በእግዜር ፊት እንደ በደለ ይቆጠር ነበር። ዛሬ የምስክሩ ዓይን በረታ፤ ከሥጋ በታች ያለውን አየ። መሐላው ግን አልቀለለም። ያቺ የስማዳ እናት ከመኝታው ተነሥታ ነጠላዋን እያጣፋች ወደ ሐኪሙ ዞራ «ምን አዩ ልጄ?» ባለችው ጊዜ፣ የሚጠበቅባት መልስ በዚህ ሁሉ ዘመን የተከማቸው የማየት ዕዳ የሚከፈልበት ነው።